የጋብቻ ሁኔታ

በአርባ አንድ ዓመቴ፣ ጉርድ ፎቶ ተነሥቼ፣
ሽምብጥ ቀበሌ፣ ፎርም ልሞላ መጥቼ፣
ይሁኔ ካጠገቤ፣ ኮቱን አስተኩሶ፣
እንደ ጎረምሳ፣ አንገቱን በሽቶ አርሶ፣
ቆመናል ወረፋ።

ጸሐፊዋ ልጅ ናት፤ ልጄን ታክላለች።
«ዕድሜ?» ብላ ጀመረች።
«ዐሥራ ስምንት ካለፈኝ፣ ቆየሁ» ብላት፣ ሳቀች።

«በፈቃድሽ ነው ወይ፣ ማንም ሳያስገድድሽ?
ራስ መነቅነቅ አይበቃም፣ ይሰማ ድምፅሽ።»
«አዎ» አልኩ።
አፌ ላይ አዲስ ሆነ ቃሉ።
ፊተኛው ሰርጌ ላይ፣ ዘጌ ወደብ ዳር፣ ሽማግሎች ሲምሉ፣
«ሰጥቻለሁ» ያለው አባቴ ነው፤ እኔን ማን ጠይቆ!
ምህረቴን የወደድኩት ኋላ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ ዘልቆ፣
ጣና እንደሚሞላው፣ ዝናብ ካባራ ቆይቶ፣
ሳይታወቅ፣ በሌሊት፣ ደንገሉን አጠጥቶ።

«ዝምድናስ?»
«እሷ ዘጌ፣ እኔ ዱርቤቴ፤
ሰባት ቤት ቆጥረናል፣ በናቴም ባባቴ»
አለ ይሁኔ፣ ኮራ ብሎ።
«ሕጉ ይህን ያህል አይቆጥርም» አለች፤ ጻፈች ግን ቶሎ።

ምስክሮች አራት።
ደመላሽ ባጃጁን፣ ደጅ ጥሎ መጣ፣
ቻላቸው ከዓሣ ተራ፣ ቅርፊት ከጁ ሳይወጣ፣
የሺመቤት ከነነጠላዋ፤
ጥሩዓለም ብቻ፣ ጊዜው አልፎ መታወቂያዋ፣
ስታሳድስ ዋለች።

ከዚያ መስመሯ መጣች። አራት ሳጥን ያላት።
ያላገባች። ያገባች። የፈታች። የሞተባት።
«የትኛው ነሽ?» አለችኝ።

እኔ ምን ልበላት?

ታንኳው ተገኝቷል፣ እንቦጭ መሀል ተወትፎ፣
መረቡ ተገኝቷል፣ ሁለት ቆሮሶ አቅፎ፣
እሱ ግን አልመጣም።
ሦስት ቀን በሞተር ጀልባ፣ ሐይቁን ያሰሰው፣
ጎርጎራ ድረስ ስሙን የጮኸው፣ ይኸው ይሁኔ ነው።
ለቅሶ ተቀመጪ ቢሉኝ፣ ምን ይዤ ልቀመጥ?
ጣና ሰው ይወስዳል እንጂ፣ ደረሰኝ አይሰጥ።
የሞት ማስረጃ ብል፣ ሬሳ ይጠየቃል፤
ሬሳው ሐይቁ ዘንድ ነው፤ ሐይቁን ማን ይከሳል?

ፍርድ ቤት ሄድኩ።
«ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ወሬው ካልተሰማ...»
ማስታወቂያ ወጣ፣ «ያየ ሰው፣ የሰማ»፣
ቀበሌው ግድግዳ ላይ፣ በምስማር ተመትቶ።
ፎቶው ደበዘዘ፣ ፀሐይ ፊቱን በልቶ።
በተመላለስኩ ቁጥር፣ ቆሜ አነብ ነበር፣
ያየሁት እንደሆን ብዬ፣ ለራሴ ልናገር።
ዳኛው «ጠፍቷል» አሉ። ማህተም አረፈ።
ውሃ ያልጨረሰው ሰው፣ በአንድ ገጽ አለፈ።
ከዚያም መቶ ሰማንያ ቀን ጠብቂ ተባልኩ፤
ከሐይቅ ሥር ካለ ሰው፣ ያረገዝኩ ይመስል ቆጠርኩ።

«ሳጥኑን ባዶ መተው፣ ኮምፒውተሩ አይፈቅድም»
አለች ልጅት ደንግጣ፤ ዐይኔን ግን አትሸሽም።
ይሁኔ ወደ ጆሮዬ፣ ጎንበስ አለና፣
«እኔን ብለሽ አትግደይው፤ እንመለሳለን፣ ነገም ቀን ነውና።»

አራተኛዋን ነካሁ። በጣቴ። ጻፈች።
የፍርዱን ቁጥር ከጎኑ፣ በቀይ አሰፈረች።

አሁን የኛ ማስታወቂያ፣ ያው ግድግዳ ላይ ነው፣
ያው የዛገ ምስማር፣ አናቱን የያዘው፦
«ተቃዋሚ ካለ፣ በዐሥር ቀን ይቅረብ።»

ዐሥሩንም ማታ ወረድኩ፣ ከሐይቁ ዳር ልቀርብ።
ቆምኩ እንደ ባለጉዳይ፣ ጫማዬን አውልቄ፣
«ተቃውሞ አለህ?» ብዬ፣ ውሃውን ጠይቄ።
ደንገሉ ተንቀሳቀሰ። ነፋስ ነው መሰለኝ።
የደቅ ጀልባ መብራት፣ ከሩቅ ብልጭ አለልኝ።
ሌላ የመጣ የለም።

ለፈቃድ ዝምታ አይበቃም፣ ድምፅ ይጠየቃል፤
ላለመቃወም ግን፣ ዝም ማለት ይበቃል።
ሕጉ ነው።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ። የጥሩዓለም መታወቂያ ታድሷል፣
ይሁኔ ያንኑ ኮት፣ ዳግም አስተኩሷል።
እኔ ግን የሐይቁ ጭቃ፣ ከተረከዜ ሳይለቅ፣
ጫማዬን አጠለቅኩ።